ዝገቱ የማን ነው?

አሮጌውን አዲስ የሚያስመስል ሰው ብርቃችን አይደለም። ሃያ ዓመት የሮጠ መኪና ቀለም ተቀብቶ፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ፣ «ጋሼ፣ ሴት ናት ስትነዳው የነበረችው፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ ነው» እየተባለ ሲሸጥ አይተናል። ሽበቱን በቀለም የሚያጠፋ ጎልማሳም በየመሥሪያ ቤቱ አለ። (እኔ የለሁበትም፤ የተረፈኝ ጠጉር ለቀለሙ ወጪ አይመጥንም።) አዲሱን አሮጌ የሚያስመስልም ቢሆን በአገራችን አልጠፋም። ባለፈው ወር የተቀረጸ መስቀል ጭስ ጠግቦ፣ በቅርብ የተጻፈ ብራና በቅባት እጅ ታሽቶ፣ «የጥንት ነው» ተብሎ ለቱሪስት ይቀርባል። ያም ሆነ ይህ ነገሩ ገበያ ነው። ዕድሜ ሲቀነስም ሲጨመርም ዋጋ ያወጣል።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ሊሸጡ ሳይሆን፣ እንዲያውም ከኪሳቸው እያወጡ፣ አዲስ ነገር ስለሚያስረጁ ሰዎች ነው። የሚያስረጁት ደግሞ የወታደር የብረት ቆብ ነው፤ መጽሐፉ «ቁር» የሚለውን፣ ወታደሮቻችን «ሄልሜት» የሚሉትን።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያለፈ ጦርነትን፣ የዘመኑን ልብስ ለብሰው፣ የዘመኑን መሣሪያ ታጥቀው፣ በሜዳው ላይ ድንኳን ተክለው በትዕይንት የሚደግሙ ሰዎች አሉ። ሙያቸው አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንዱ ጥርስ ሐኪም፣ ሌላው አውቶቡስ ነጂ፣ ሦስተኛው ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ የናፖሊዮን እግረኛ ወይም የ1944ቱ የአሜሪካ ወታደር ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የዋተርሉ ጦርነት ሁለት መቶኛ ዓመት ቤልጅግ ውስጥ ሲከበር አምስት ሺህ ያህል ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ የባሕር ዳርቻም በየዓመቱ ግንቦት ማለቂያ ላይ በእነዚሁ ሰዎች ይሞላል። እኔ «ታሪክ ደጋሚዎች» ብያቸዋለሁ። ደጋሚ ስል የደብተራ ድግምት እንዳይመስላችሁ፤ ምንም እንኳ ነገራቸው ትንሽ ድግምት ባያጣውም።

ቀልድ ነው እንዳትሉ። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቶኒ ሆርዊዝ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት የሚደግሙ ሰዎች የልብሳቸው ቁልፍ በዘመኑ የነበረውን መልክ እንዲይዝላቸው ሽንት ውስጥ ይዘፈዝፉት እንደነበር ጽፏል። ሽንት ውስጥ! ለአንድ ቁልፍ!

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ልጠይቅ አሜሪካ በሄድኩ ጊዜ፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ «መምህር፣ እርስዎ የጥንት ነገር ይወዳሉ፤ አንድ የሚያስቅ ሰው ላስተዋውቅዎት» ብሎ ጎረቤቱ ጋ ወሰደኝ። ሰውዬው ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። መኪና ማቆሚያ ቤቱ ውስጥ መኪና የለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መደርደሪያ፣ በመደርደሪያው ላይ የብረት ቆብ። እውነቱን ለመናገር ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አንድም ጊዜ አልሳቅኩም።

በብዛት የሚሠራው የአሜሪካውን ኤም 1 ነው። ይህ ቆብ እ.ኤ.አ. በ1941 ሥራ ላይ ዋለ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ከ22 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ አብዛኛው የወጣው ዲትሮይት ከሚገኝ የመኪና ራዲያተር ከሚሠራ ፋብሪካ ነው። ውጪው ብረት፣ ውስጡ ሌላ ቀላል ቆብ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከአንድ ኪሎ ከሩብ በላይ ይመዝናሉ። ደፍቼው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንገቴ ዛለ። ከጦርነቱ የተረፈው ዋናው ቆብ ዋጋው አይቀመስም፤ ለጭቃና ለዝናብም አይሰጥም። ስለዚህ ታሪክ ደጋሚው ወይ አዲስ የተመታ ቅጂ ይገዛል፣ ወይ ከጦርነቱ በኋላ ለሌላ ሠራዊት የተሠራ ርካሽ ቆብ ፈልጎ ወደ 1944 ይመልሰዋል።

መመለሱ ነው ሥራው። መጀመሪያ የቆየው ቀለም ተልጦ ይወጣል። ቀጥሎ ጠርዙ ይታያል፤ የጠርዙ ብረት መጋጠሚያ እስከ 1944 መገባደጃ ድረስ ከግንባር በኩል ነበር፣ ከዚያ በኋላ ወደ ማጅራት ዞረ። በሰኔ 1944 ኖርማንዲ ላይ የወረደ ወታደር ነኝ ብሎ መጋጠሚያው ከኋላ የሆነ ቆብ የደፋ ሰው በጓደኞቹ ዘንድ መሳቂያ ነው። ከዚያ አንድ እጅ ቀለም ይቀባል፤ ሳይደርቅ በደቃቁ የተፈጨ ቡሽ ይነሰነስበታል፤ ሲደርቅ ደግሞ ሌላ እጅ ይደገማል። ቡሹ ፋብሪካውም ያደርገው የነበረ ነው፤ ቆቡ ሻካራ ሆኖ በፀሐይ እንዳያብለጨልጭ።

ይህች «እንዳያብለጨልጭ» የምትለው ቃል ብዙ ደም ፈሶባታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ፈረንሳዮች በጨርቅ ቆብ፣ ጀርመኖች አናቱ ላይ ሾጣጣ ባለው የቆዳ ቆብ ነበር የገቡት። የመድፍ ፍንጣሪ የጨርቅም የቆዳም ወዳጅ አይደለም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1915 አድሪያን በተባለ መኮንን የተነደፈውን የብረት ቆብ አወጡ፤ የመጀመሪያው ቀለሙ የሚያንጸባርቅ ነበርና በኋላ ወደ ደብዛዛ ተለወጠ። የእንግሊዞቹም፣ ያ ሳህን የመሰለው፣ ለስልስ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ በ1916 አሸዋ ወይም የእንጨት ብናኝ የገባበት ሻካራ ቀለም ለበሰ። ጀርመኖች በ1918 ክረምታችን ላይ ቆቦቻቸው በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቡናማ እንዲዥጎረጎሩ፣ በቀለሞቹም መካከል የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር መስመር እንዲሰመር ትእዛዝ አወጡ። እንግዲህ በሦስቱም ወገን ቆቡን ውብ አድርጎ ፋብሪካ ሠራው፤ ጦር ሜዳው ደግሞ ውበቱን ገፈፈው።

ሰውዬው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የሚያደርገው ነው የገረመኝ። ጥሩ አድርጎ የቀባውን በስስ ብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ይጀምራል። የትም የትም ግን አይሞርድም። አናቱን ትንሽ፣ ምክንያቱም ወታደሩ ቆቡን ገልብጦ መሬት ላይ እያስቀመጠ ፊቱን ይታጠብበት ነበር። ጠርዙን፣ ምክንያቱም እላዩ ላይ ይቀመጥበት፣ አልፎ አልፎም አፈር ይዝቅበት ነበር። መረብ ያለበሰው ከሆነ የመረቡ ቋጠሮ የሚፋተግባትን ቦታ። የጨርቅ ማሰሪያው ሻይ ውስጥ ተነክሮ ይጠወልጋል፤ ግንባር የሚነካው ቆዳ የላብ መልክ እንዲይዝ ዘይት ይታሻል። ውስጡ ላይ የባለቤቱ የአባት ስም የመጀመሪያ ፊደልና የመለያ ቁጥሩ የመጨረሻ አራት አሃዞች ይጻፋሉ፤ ወታደሮቹ ዕቃቸውን የሚለዩት እንዲያ ነበር።

ማሰሪያውን ከአገጭ ሥር አላሰረውም። ወደ ኋላ ወስዶ በማጅራት በኩል በቆቡ ጠርዝ ላይ ቆለፈው። ለምን ስለው ታሪኩን ነገረኝ። ብዙ ወታደሮች አጠገባቸው ቦምብ ሲፈነዳ ነፋሱ ቆቡን ይዞ አንገታቸውን የሚሰብረው ይመስላቸው ነበር፤ ስለዚህ አያስሩትም። ሠራዊቱ ሲከለክል፣ ሲቆጣ ቆይቶ በመጨረሻ ተሸነፈና በ1944 ሲሳብ በራሱ የሚፈታ መቆለፊያ አወጣ። አያችሁ፣ ያቺ የተንጠለጠለች ማሰሪያ የአንድ ሠራዊት ፍርሃት ናት። በየትኛውም የድል ሐውልት ላይ አትገኝም።

«ደንቤ አንድ ናት» አለኝ ሰውዬው፤ «እያንዳንዷን ጭረት ማን አደረጋት? ምን ሲሠራ? ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ከሌላት አላደርጋትም።»

ሠላሳ ዓመት ገደማ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ልነግራቸው ስደክም የኖርኩት ይህንኑ ነበር። ገጸ ባሕሪው ለምን አነከሰ? ለምን ካፖርቱ ተቀደደ? ደራሲው መልስ ከሌለው ያነከሰው ገጸ ባሕሪው አይደለም፣ ድርሰቱ ነው።

ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ለብቻው የተቀመጠ ቆብ ነበር። ዝገት የበላው፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ሸረሪት ያደራበት የሚመስል። ለእኔ ከሁሉም እውነተኛው እሱ መሰለኝና «ይሄ ዋናው ነው መሰለኝ?» አልኩት። ሳቀ። የጀማሪነት ሥራው ነው። ጨውና ኮምጣጤ እየረጨ አዝጎት፣ ደጅ አሳድሮት፣ ሊደፋው ሲል አንድ በዕድሜ የገፋ ወታደር አይቶ «ልጄ፣ ይህን የመሰለ ቆብ ይዤ ብቀርብ አለቃዬ ያስረኝ ነበር» አለው። ነገሩ ግልጽ ነው። በሰኔ 1944 የተደፋ ኤም 1 ዕድሜው ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው። የብዙዎቹ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ተጭሯል፣ ጎድጉዷል፣ ላብ ጠጥቷል፤ ግን አልዛገም። ዝገቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ጦርነቱ አልቆ፣ ወታደሩ ቤቱ ገብቶ ወይ ሳይገባ ቀርቶ፣ ቆቡ ጎተራ ውስጥ በተቀመጠባቸው አሥርታት።

እንግዲህ እርጅና ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው። አንደኛው የአገልግሎት ነው፤ ሰው ነክቶት፣ ሠርቶበት፣ ፈርቶበት የሚመጣ። ሁለተኛው የመቅረት ነው፤ ማንም ሳይነካው ሲቀር የሚመጣ። እኛ ያለፈውን ዘመን ስናስብ የምናየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በእኛና በእነሱ መካከል ያለውን ጊዜ እነሱ ላይ እንቀባዋለን። ዝገቱ የእኛ ነው፤ የእነሱ አይደለም።

በኋለኛው ዘመን ያው ኤም 1 ቬትናም ሲገባ ደግሞ ወታደሩ ራሱ ጽሑፍ አደረገው። ብረቱ ላይ የዥንጉርጉር ጨርቅ ልባስ፣ በልባሱ ዙሪያ የላስቲክ መቀነት፤ በመቀነቱ ሥር ሲጋራ፣ የትንኝ መከላከያ ጠርሙስ፣ የካርታ መጫወቻ ቅጠል ይሻጥ ነበር። በጨርቁ ላይ በእስክሪብቶ የፍቅረኛ ስም፣ የትውልድ ከተማ፣ ወደ አገር ቤት መመለሻው እስኪደርስ አንድ በአንድ የሚሰረዙ ወራት ይጻፋሉ። ሆርስት ፋስ የተባለው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1965 ያነሳው፣ ቆቡ ላይ ጦርነት ሲኦል እንደሆነ የጻፈ የለጋ ወታደር ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ልጁ ፈገግ ሊል የቃጣው ይመስላል። የዛሬ ደጋሚዎች ይህን ጽሑፍ ቆባቸው ላይ ሲገለብጡ አያለሁ። እዚህ ላይ ያቺ የሰውዬው ጥያቄ ትመለሳለች፤ ማን ጻፈው? የራሱን ወር ሲሰርዝ የነበረ ልጅ ነው የጻፈው። ሲገለበጥ ፊደሉ ይመጣል፤ ቀኑን መቁጠሩ ግን አይመጣም።

እና ድንበሩ የት ነው? ሰውዬው ሁለት ነገር አላደርግም ብሏል። አንደኛ፣ ጥይት የበሳው ቆብ ሥራልኝ ብሎት የመጣን ሰው መልሷል። «ጭረት የማንም ነው፤ ቀዳዳ ግን የአንድ ሰው ነው» ነበር ያለኝ። ሁለተኛ፣ ምንም ዓይነት ቆብ ሳይፈርምበት ከቤቱ አይወጣም። ከውስጥ በኩል የሠራበትን ዓመት በብረት ይመታበታል። ምክንያቱም የዚህ ሙያ ጥላ የሆነ ሌላ ሙያ አለ። ተራ የጀርመን ቆብ ላይ የናዚውን ኤስኤስ ምልክት ለጥፎ፣ አዝጎ፣ በብዙ እጥፍ የሚሸጥ ሞልቷል። ቀለሙ ያው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ያው፣ ሻዩም ያው። የሚለያያቸው ያቺ ከውስጥ የተመታች ዓመት ናት። አንዱ «ይህን ሠራሁት» ይላል፤ ሌላው «ይህ ነበር» ይላል።

በኛ ባህል ይህ ድንበር ጥንትም የታወቀ ነበር። ሽለላና ፉከራ ለማንም አይፈቀድም። ባልዋለበት የሚፎክር ሰው ከፈሪው ይልቅ ይናቃል፤ ፈሪውስ ቢያንስ አልዋሸም። የአንበሳ ጎፈርም እንደ ባርኔጣ ከገበያ ተገዝቶ የሚደፋ አልነበረም፤ ግዳይ የጣለ ወይም ማዕረግ ያገኘ ነበር የሚደፋው። ዛሬ የካቲት 23 ሲደርስ ከሰው ሠራሽ ጠጉር የተሠራ ጎፈር የደፉ፣ የካርቶን ጋሻ ያነገቡ ወጣቶች አደባባዩን ይሞሉታል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን አይተው ከንፈራቸውን ይመጣሉ። እኔ አልመጥም። ልጁ ገደልኩ አላለም፤ አስታወስኩ ነው ያለው። የካርቶኑ ጋሻ ካርቶንነቱን አይደብቅም፤ በራሱ መንገድ ከውስጥ ዓመቱ ተመትቶበታል። ከሺህ ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ በእግራቸው ተጉዘው አድዋ የገቡትማ፣ የእነሱን ጫማ ማስረጃ ብርጭቆ ወረቀት አያስፈልግም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአድዋ ዘማች ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ማነው? ቡናማ ፎቶ ውስጥ የቆመ፣ ልብሱ የነተበ፣ ፊቱ የተኮማተረ ሽማግሌ ነው። ፎቶው ነው እኮ ቡናማ፤ ሰውዬው አይደለም። ሽማግሌውም ቢሆን ፎቶ የተነሳው ከድሉ ብዙ ዓመት በኋላ፣ ኒሻኑን ደርድሮ ነው። በ1888 ዓ.ም. ያ ሰው ምናልባት የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ሸማው ከቤት ሲወጣ ነጭ ነበር። የመኳንንቱ የከፋይ ለምድ ደማቅ፣ በብር ያጌጠው ጋሻ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ነበር። የኛ ባህላዊ ሠዓሊዎች አድዋን ሲስሉ ቀይ በቀይ፣ ቢጫ በቢጫ ሲያደርጉት ከፎቶው ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባሉ። ለእነዚያ ሰዎች አድዋ «ታሪክ» አልነበረም። ገና ያልታወቀ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ማንም ያልነገራቸው የአንድ እሑድ ጠዋት ነበር። አርጅተው ስናያቸው ጀግንነታቸውም ቀድሞ የተወሰነ ይመስለናል፤ ፍርሃታቸውን እንነጥቃቸዋለን፣ ከፍርሃታቸው ጋርም ድፍረታቸውን።

አድዋን የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለ ኮርያ ግን የሚጠየቅ ጥቂት ሰው አለ። የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ገብቶ በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲሰለፍ፣ በአሜሪካ ትጥቅ ታጥቆ፣ ራሱ ላይ የደፋው ይህንኑ ኤም 1 ነበር። ዲትሮይት የተመታ ብረት በአንኮበርና በሐረር ልጅ ራስ ላይ! ከእነዚያ ልጆች 121 ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል፤ የተማረከ የለም። በስማቸው አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ኮርያ ውስጥም በቹንቾን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2007 የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል። እኛ ግን የምናውቃቸው ኮታቸው ላይ ሜዳሊያ ደርድረው፣ ከዘራ ተደግፈው በበዓል ቀን ሲቀመጡ ነው። በሕይወት ያሉት ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎቻችን ሲያገኟቸው «ያን የጀግንነት ዘመን እንዴት ያስታውሱታል?» ይሏቸዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያመጣው ዝገት ብቻ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የአገራችንን ስም አስጠራን» ብለው ይመልሱና ነገሩ ያበቃል።

ያ የሒሳብ አስተማሪ ቢሆን ምን ይጠይቃቸው እንደነበር አስባለሁ። መጽሐፉ እንደሚነግረን ሳኦል ለዳዊት የናስ ቁር ደፍቶለት፣ ዳዊት ግን አልለመድኩትም ብሎ አውልቆ ሄዷል። የኛዎቹ ማውለቅ አልቻሉም፤ መልመድ ነበረባቸው። እንዴት ለመዱት? የመጀመሪያው ቀን አንገትዎን አመመዎ? በጠጉርዎና በቆቡ መካከል ለብርዱ ምን አደረጉ? ማሰሪያውን ከአገጭዎ ሥር ነበር የሚያስሩት ወይስ እንደ አሜሪካኖቹ ወደ ኋላ? ፊትዎን ታጥበውበታል? ውስጡ ላይ ስምዎን ጽፈው ነበር? በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ? የሞተ ጓደኛ ቆብስ ወዴት ይሄድ ነበር?

ሰፈራችሁ ውስጥ፣ ቤተ ዘመዳችሁ መካከል እንዲህ ያለ አባት ካሉ ቡና አስፈልታችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ስለ ጀግንነታቸው ለጊዜው አትጠይቋቸው፤ እሱን ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል። ከማሰሪያው ጀምሩ።